ጎንብሶ ለሚውል ወገብ የሚሆን ዮጋ፦ ቤት ውስጥ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ስልክ ላይ የሚታዩት የዮጋ ትምህርቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ቆሞ በማጎንበስና የእግር ጣትን በመንካት ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ግን ሰው ሳይነገረው በቂ ጎንብሷል። ክረምት አረም ሲነቅል፣ ኅዳር ላይ ገብስ ሲያጭድ፣ ሳፋ ላይ ልብስ ሲያጥብ፣ ምጣድ ፊት ሲጋግር፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ደግሞ ስፌት መኪና ወይም ስልክ ላይ ተደፍቶ ሲውል፣ ወገቡ የሚታጠፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እንዲህ የዋለ ወገብ ማታ ላይ እንደገና ጎንበስ ቢል የደከመውን ጅማት ይበልጥ ከመጎተት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፦ ደረትን መክፈትና ጀርባን ወደ ኋላ መለመጥ ይቀድማል፤ የእግርን ጅማት መሳብ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በጀርባ ተኝቶ ነው።

ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ ነው?

በደንብ የተጠናው የወገብ ሕመም ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው ነገሮች መካከል ዮጋ አንዱ ነው። ከዚያ ሌላ ሚዛን መጠበቅን ያሻሽላል፤ ይህ በተለይ ለአረጋውያን ከመውደቅ መዳኛ ነው። የተወጠረ ትከሻን ያላላል፣ ለብዙ ሰውም እንቅልፍ ያመጣል። «ዮጋ ከሰውነት መርዝ ያወጣል» የሚባለውን ግን ይተዉት፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትንም አይተካም።

ሃይማኖት ነው ወይ የሚል ጥያቄም ይነሳል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዮጋ ከሕንድ የመጣ ነው፤ በዚያ ባህል ውስጥም መንፈሳዊ ዓላማ አለው። ዩኔስኮ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ስብሰባ ነበር፤ የገዳ ሥርዓት የተመዘገበውም በዚያው ስብሰባ ነው። እዚህ ያለው የሰውነት እንቅስቃሴውና አተነፋፈሱ ብቻ ነው፤ ዜማም ጸሎትም የለበትም። «ሱርያ ናማስካራ» የሚባለው ታዋቂ ተከታታይ እንቅስቃሴ አልተካተተም። ትርጉሙ ለፀሐይ የሚቀርብ ሰላምታ ነው፤ ከዚያም በላይ ያልሞቀ ወገብን ደጋግሞ በፍጥነት ስለሚያጎነብስ ለጀማሪ አይመችም። ልብዎ ካልፈቀደ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ማን ይቆይ?

ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ ከሱም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ቲቢ አከርካሪን እንደሚይዝ አይርሱ። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር የሚወርድና እግርን የሚያደነዝዝ ከሆነም ሐኪም ይቅደም። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላት ከልብ በታች የሚወርድበትን እንቅስቃሴ አይሠራም። ነፍሰ ጡር ከሦስተኛው ወር በኋላ በሆድ አትተኛም፣ በጀርባም ረጅም ጊዜ አትቆይም። በቅርቡ የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም ቡአ ያለበት ሰው ከታች «እባብ» እና «ድልድይ» የተባሉትን እንቅስቃሴዎች ይተዋል።

ቦታ፣ ምንጣፍ፣ ሰዓት

የሚያስፈልገው ቦታ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ወገኑ ባዶ ግድግዳ ቢሆን ጥሩ ነው። ተሸጦ የሚመጣው የዮጋ ምንጣፍ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከሌለ የሜንዝ ባና አራት እጥፍ አድርጎ ማንጠፍ ለሚተኛባቸውና ለሚንበረከኩባቸው እንቅስቃሴዎች ይበቃል። ለሚቆምባቸው ግን ባናውን ያንሱና በባዶ እግር በሊሾው ወይም በደረቀ የአፈር ወለል ላይ ይቁሙ። የስፖንጅ ፍራሽ ምቹ ይመስላል፣ ግን እጅ ሲሰምጥበት አንጓ ያማል፣ እግር ሲቆምበትም ቁርጭምጭሚት ይወላገዳል። በካልሲ ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ መቆም ደግሞ መውደቂያ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ጋቢ፣ አንድ መቀነትና አንድ በርጩማ ያዘጋጁ።

ምግብ ከተበላ በኋላ ሦስት ሰዓት ይቆዩ፤ እንጀራ በሆድ ይዞ በሆድ መተኛት ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ማለዳ ቢሠራ ይሻለዋል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ከወለል ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ግን ማለዳ የሰውነት ጡንቻ ድርቅ ብሎ ነው የሚነሳው፤ በዚያ ወቅት አመሻሹ ይመረጣል። ማለዳ ከሆነ ማሟሟቂያው በእጥፍ ይርዘም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጓሳ አካባቢ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ፤ በየእንቅስቃሴው የሚቆይበትን የትንፋሽ ቁጥር በግማሽ ይቀንስ።

ትንፋሹ ሰዓት ነው

ሁሉም ነገር በትንፋሽ ይቆጠራል። በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ መሐል ላይ አያግቱ። አንዱ ትንፋሽ 10 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፣ 6 ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ነው። ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም አፍ መክፈት ካስፈለገ እንቅስቃሴው በዝቷል ማለት ነው፤ ጥቂት መለስ ይበሉ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም፣ አሠልጣኝ አጠገብዎ ቢኖርም እንኳ።

ማሟሟቂያ፣ 5 ደቂቃ

ጋቢዎን ሳያወልቁ ባሉበት ቦታ ሁለት ደቂቃ ይራመዱ፣ ጉልበትን ከፍ ከፍ እያደረጉ። ከዚያ ትከሻን ወደ ኋላ 10 ጊዜ ያሽከርክሩ፣ ቁርጭምጭሚትን በየአቅጣጫው 10 ጊዜ። ቀጥሎ በእጅና በጉልበት ዳዴ እንደሚል ሕፃን ይሁኑ፦ መዳፍ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር። አየር ሲያስገቡ ሆድን ወደ ወለል ለቀቅ፣ ደረትን ወደ ፊት ያድርጉ፤ ሲያስወጡ ጀርባን እንደተቆጣች ድመት ጉብ ያድርጉ። 8 ጊዜ። ይህ «ድመትና ላም» የሚባለው ነው። ክርን አይታጠፍ፤ የሚንቀሳቀሰው አከርካሪው ነው።

እባብ

እንደ መድኃኒት የሚቆጠር አንድ እንቅስቃሴ ቢመረጥ ይህ ነው፤ በብዛት ተበላሽቶ የሚሠራውም ይኸው ነው። ስለዚህ በሁለት ደረጃ ይሠራል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ በታጠፈው ባና ላይ በሆድዎ ይተኙ። እግሮች በዳሌ ስፋት ይለያዩ፣ የእግር ጣት ጥፍሮች በሙሉ ወለል ይንኩ። ክርን ከትከሻ ሥር አድርገው በክንድዎ ይደገፉ። ደረትን በክንዶች መካከል ወደ ፊት እንደሚጎትቱ ያስቡ፣ አንገት ረዘም ይበል፣ ዓይን ከፊት አንድ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ወለል ይይ። 5 ትንፋሽ። የመጀመሪያውን ሳምንት በዚህ ብቻ ይቆዩ።

ሁለተኛው ደረጃ፦ መዳፎችን ከታችኛው የጎድን አጥንት አጠገብ ያስቀምጡ፣ ክርኖች ከጎን ተጣብቀው ወደ ኋላ ያመልክቱ። የእግርን ጀርባ ወደ ወለል ይጫኑ፤ ጉልበት ትንሽ ብድግ እስኪል ድረስ። አየር ሲያስገቡ ደረትን ያንሱ፣ እምብርት ግን ወለል ላይ ይቅር። 3 ትንፋሽ ቆይተው በማስወጣት ይውረዱ። 4 ጊዜ ይድገሙ።

በትክክል መሠራቱን ለማወቅ፣ ከፍ ባሉበት መዳፎችን ከወለሉ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያንሱ። ደረቱ ባለበት ከቆየ ጀርባው እየሠራ ነው። ዱብ ካለ ሲገፋ የነበረው ክንድ ነው፤ ክንድ ሲገፋ ደግሞ በቀላሉ የሚለመጠው የወገብ ክፍል ብቻውን ይቆለመማል፣ የጎበጠው የላይኛው ጀርባ እንደጎበጠ ይቀራል። ሰዎች «እባብ ወገቤን አመመኝ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። መሰማት ያለበት በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነው። ወገብ ላይ የመቆንጠጥ ስሜት ካለ ከፍታውን በግማሽ ይቀንሱ፣ እግሮችንም ሰፋ ያድርጉ። ትከሻ ወደ ጆሮ መውጣትና አንገትን ወደ ኋላ መቀልበስ ሌሎቹ ስሕተቶች ናቸው፤ ሁለቱም የሚመጡት ከፍ ለማለት ከመቸኮል ነው።

ቁልቁል የሚያይ ውሻ

ውሻ ከእንቅልፍ ሲነሳ እንዴት እንደሚንጠራራ ያላየ የለም፤ መቀመጫው ሽቅብ፣ የፊት እግሮቹ ወደ ፊት። እንቅስቃሴው ያው ነው።

1. በእጅና በጉልበት ይሁኑ። መዳፎችን ከትከሻ አንድ ስንዝር ወደ ፊት ያስጠጉ፣ ጣቶች ተዘርግተው ይበተኑ።
2. በአመልካችና በአውራ ጣት ሥር ያለውን መዳፍ ወለል ላይ ጫን ያድርጉ። ክብደቱ ወደ ትንሿ ጣት ከሄደ አንጓ ይታመማል።
3. የእግር ጣቶችን አጥፈው፣ አየር እያስወጡ ጉልበትን ከወለል ያንሱ። ጉልበት ታጥፎ ይቅር።
4. መቀመጫን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይግፉ፣ ሆድ ወደ ታፋ ይቅረብ። ከአንጓ እስከ መቀመጫ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሁን።
5. ጭንቅላት በክንዶች መካከል ይንጠልጠል። 3 ትንፋሽ፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ 6 ያሳድጉ።
6. ጉልበትን ወደ ወለል መልሰው ይውረዱ፤ በቀጥታ ብድግ አይበሉ፣ ያዞራል።

ተረከዝ ወለል መንካት አለበት የሚለው ወሬ ይህን እንቅስቃሴ አበላሽቶታል። ጠንካራ ባትና ቋንጃ ያለው ሰው ተረከዙን በግድ ሲያወርድ ጀርባው ይጎብጣል፤ ቀኑን ሙሉ ያደረገውን ደገመ ማለት ነው። ጀርባ ይቅና እንጂ ተረከዝ በአየር ላይ ቢቀር ምን ቸገረ። ዳገትና ቁልቁለት ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰዎች ባታቸው ድርቅ ያለ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ወራት ቆይተውም ተረከዛቸው አይደርስም።

አንጓ ለሚያመው ወይም ግፊት ላለበት ሰው የግድግዳው ዓይነት አለ። መዳፎችን በዳሌ ከፍታ ግድግዳ ላይ ያሳርፉ፤ ክንድና ጀርባ ቀጥ ብለው ከወለሉ ጋር ትይዩ እስኪሆኑ ወደ ኋላ ይራመዱ፣ ጉልበት ለስለስ ይበል። ስፌት መኪና ላይ የሚውሉ ሰዎች በዕረፍት ሰዓት ጫማቸውን ሳያወልቁ ሊሠሩት ይችላሉ።

ተዋጊ

አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ፤ በመካከላቸው አንድ ሜትር ያህል። የኋላው ተረከዝ ወለል ይንካ፣ ጣቶቹ በትንሹ ወደ ውጭ ይዙሩ። የፊት ጉልበት ታጥፎ ልክ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቁም፤ አውራ ጣቱን ካለፈ ወይም ወደ ውስጥ ከተጋደመ ጉልበት ላይ ጫና ይበዛል። ክንዶች ወደ ላይ፣ ደረት ወደ ፊት። በየእግሩ 5 ትንፋሽ። የሚሳበው የኋለኛው እግር ብሽሽት ነው፤ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ብሽሽቱ አጥሮ ይቀርና ሲቆም ወገቡን ይጎትታል። ካልተሰማዎ የኋለኛውን መቀመጫ ጭብጥ ያድርጉ፣ ወዲያው ይመጣል።

ዛፍ

ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቀው ይቁሙ። ክብደትን ወደ ግራ እግር ያሸጋግሩ፣ የቀኝ እግር መርገጫን በግራ ባት ወይም በታፋ ውስጠኛ ጎን ላይ ያሳርፉ። ጉልበት ላይ በፍጹም አያሳርፉ፦ ጉልበት ከጎን ለሚመጣ ግፊት የተሠራ አይደለም። ዓይን ከፊት አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ይያዝ። መርገጫው ታፋን፣ ታፋውም መርገጫውን መልሶ ይግፋ፤ ሚዛን የሚመጣው ከዚህ መገፋፋት ነው። በየእግሩ 5 ትንፋሽ። አረጋውያን አንድ እጃቸውን ግድግዳ ላይ ያድርጉ፣ የእግራቸው ጣትም ወለል ይንካ፤ ተረከዙ ብቻ የሌላኛውን ቁርጭምጭሚት ይደገፍ። በዱላ ተደግፎ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ማለት የለመደ ሰው አንዱ ወገኑ በግልጽ ደክሞ ያገኘዋል፤ ለደከመው ወገን አንድ ዙር ይጨምር።

ቁጢጥ

በሌላው ዓለም ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው «ማላሳና» ማለት ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ነው። እዚህ ለብዙዎች ማስተማር አያስፈልግም። ተረከዛቸው ብድግ የሚልባቸው፣ በወንበር ያደጉ ልጆች፣ የታጠፈ ጋቢ ከተረከዛቸው ሥር ያድርጉ። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ጀርባ ጎብጦ ሳይሆን ቀና ብሎ፣ ክርን ጉልበቶችን ወደ ውጭ እየገፋ፣ 5 ትንፋሽ። ጉልበቱ የሚያብጥበት ሰው ይዝለለው።

ድልድይ

በጀርባ ተኝተው ጉልበትን ያጥፉ። በመርገጫዎች መካከል ሁለት ጭብጥ ያህል ይኑር፤ እጅ ሲዘረጋ የጣት ጫፍ ተረከዝን ለመንካት ይቅረብ። ተረከዝን እየተጫኑ፣ አየር እያስገቡ ዳሌን ያንሱ፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ ያለ ተዳፋት ይሁን። 5 ትንፋሽ ቆይተው በዝግታ ይውረዱ፣ 3 ጊዜ። ከፍ ባሉበት አንገትዎን ወደ ጎን አያዙሩ። ቋንጃ ከተጨመደደ ተረከዝ ርቋል፣ ወደ መቀመጫ ያቅርቡት። ጉልበቶች ከተበተኑ በመካከላቸው ትንሽ መከዳ ይያዙ።

ሕፃንና መቀነት

ከድልድዩ በኋላ ወገብን ማሳረፍ ያስፈልጋል። ተንበርክከው መቀመጫን ተረከዝ ላይ አድርገው ግንባርን ወለል ያስነኩ። ስግደት ላይ ግንባር መሬት ሲነካ ያለውን ይመስላል፤ ግን እዚህ መነሳት የለም፣ 8 ትንፋሽ ይቆያሉ፣ አየሩም ወደ ጀርባ እንዲሄድ ያደርጋሉ። ጉልበት ካመመ ጋቢ ጠቅልለው በባትና በታፋ መካከል ያስገቡ።

ከዚያ በጀርባ ይተኙና መቀነቱን በቀኝ መርገጫ ላይ አዙረው እግሩን ወደ ላይ ያንሱ፤ ሌላው እግር ወለል ላይ ይዘርጋ። ጉልበት በጥቂቱ ቢታጠፍ ችግር የለውም፤ መቀመጫ ከወለል መነሳት ግን የለበትም። 6 ትንፋሽ፣ ከዚያ ግራ። ቆሞ ጣት ከመንካት ይህ የሚሻለው ወገቡ ወለል ላይ ተኝቶ ስለሚያርፍ ነው፤ የሚሳበው ቋንጃው ብቻ ነው። መጎተቱ ከጉልበት ጀርባ ወይም ከመቀመጫ አጥንት ሥር እንደ መርፌ ከወጋ በዝቷል፤ የታፋ መሐል ላይ ከተሰማ ትክክል ነው።

ዕረፍት

በሳንስክሪት «ሻቫሳና»፣ ማለትም የሬሳ አተኛኘት ይባላል፤ ስሙን የማይወድ «ዕረፍት» ይበለው። በጀርባ፣ እጆች ከጎን፣ መዳፍ ወደ ላይ፣ 5 ደቂቃ። ወገብ የሚወጠርበት ሰው ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ባና ያድርግ። ጋቢ መልበስ እዚህ የግድ ነው፦ የሞቀ ሰውነት ሊሾ ላይ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ጡንቻም መልሶ ይጨመደዳል። ሲነሱ በቀኝ ጎን ተገልብጠው፣ በእጅ ተደግፈው።

በሳምንት ስንት ጊዜ?

ሁሉም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን፣ ቢያንስ ለ8 ሳምንት። በሁለተኛው ቀን የሚሰማ የጡንቻ መዛል የሚጠበቅ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል፤ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ወይም በእንቅስቃሴው መሐል ድንገት የመጣ ሕመም ግን ያን እንቅስቃሴ ማቆሚያ ነው። በአጨዳ ሰሞን ሙሉውን አይሞክሩ፤ ሰውነት ቀድሞ ደክሟል። ማታ እግር ከታጠቡ በኋላ የእባቡ የመጀመሪያ ደረጃ 5 ትንፋሽ፣ ድልድይ 3 ጊዜ፣ መቀነቱ በየእግሩ 6 ትንፋሽ፣ ከዚያ ጋቢ ለብሶ ዕረፍት፤ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ቁልቁል የሚያየውን ውሻና ተዋጊውን አጨዳው ሲያልቅ ይመልሷቸው።